ፋኑን ዳይሬክት አታድርጉብን

በአዲስ አበባ ጋራዦች ከሚነገረው ሁሉ እንደ «ዳይሬክት እናድርገው» የሚያንገበግበኝ የለም። ሞተር ይሞቃል፣ ፋን አልነሳ ይላል። ከቁልፉ መስመር አንድ ሽቦ ይሳባል፣ ጫፉ ይጠማዘዛል፣ በጥቁር ፕላስተር ይጠቀለላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፋኑ ቁልፍ ሲከፈት ይነሳል፣ ቁልፍ ሲዘጋ ይቆማል፤ በመሃል እረፍት የለውም። ባለመኪናው የፋኑን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ያርፋል፣ መካኒኩ እጁን ጠርጎ ሂሳቡን ይቀበላል። ፋኑ መጀመሪያውኑ ለምን እንዳልተነሳ ግን የጠየቀ የለም።

ይህ ጥገና አይደለም፤ ማስረጃ ማጥፋት ነው። የውሃውን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ ለመኪናው ኮምፒውተር ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ሪሌውን ያዛል፣ ሪሌው በፊውዝ በኩል የመጣውን ኤሌክትሪክ ለፋኑ ሞተር ይለቃል፣ የፋኑ ሞተር ደግሞ ኔጋቲቩን ከቦዲ ያገኛል። ፋኑ ካልዞረ ከእነዚህ አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቴስተር ይዞ መስመሩን የሚከተል ሰው ብዙ ሳይቆይ ያገኘዋል። ሽቦው ቀጥታ ከተሳበ በኋላ ግን የተበላሸው እቃ እንደተበላሸ ይቀመጣል፣ ቀጣዩ መካኒክም የተቆረጠና የተቀጠለ መስመር ይወርሳል።

ታናሽ እህቴ ቪትዝ ትነዳለች። ቪትዝ የሙቀት መለኪያ ቀስት የላትም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ታሳያለች፣ በቃ። በመካከል ያለው ሁሉ ለነጂው ጨለማ ነው። የእህቴ መኪና መገናኛ አካባቢ መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆም ቀዩ መብራት ይበራል፤ ቀለበት መንገድ ላይ ወጥታ መሮጥ ስትጀምር ይጠፋል። ጋራዥ ስትገባ ይህንኑ በግልጽ ተናገረች፤ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ለሚያዳምጥ ሰው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የምርመራውን ግማሽ ጨርሳለች። የሚሮጥ መኪና ንፋሱን በራሱ ያገኛል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው መንገዱ ነው። የቆመ መኪና ግን ከፋኑ በቀር ማንም የለውም። ቆሞ የሚሞቅና ሲሮጥ የሚበርድ መኪና መጀመሪያ ፋኑ ነው መታየት ያለበት። የተገላቢጦሹን ደግሞ የአባይ በረሃን የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፦ በከተማ ውስጥ ምንም ያልታየበት መኪና ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ሲጎትት ቀስቱ ይነሳል። እንደዚያ ሲሆን የሚጠረጠረው የውሃው ዝውውር ነው፤ ውስጡ በዝገትና በደለል የተዘጋ ራዲያተር፣ ክንፉ የተበላ የውሃ ፓምፕ፣ ግማሽ ብቻ የሚከፈት ቴርሞስታት፣ የላላ ቺንጋ። ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ለሁለቱም አንድ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አንዱን እንኳ አላወቀም።

መካኒኩ እህቴን ሰማና ራዲያተሩን ቀየረ። መብራቱ እንደገና በራ። ስትመለስ «እህት፣ ይሄ እቃ ለብርድ አገር ነው የተሠራው» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ባዶውን ዘጋው። እንደገና በራ። በመጨረሻ ፋኑን ዳይሬክት አደረገው።

እዚህ ላይ መቆም አለብኝ፤ የቴርሞስታቱ ነገር የአንድ መካኒክ ጥፋት አይደለምና። «ለብርድ አገር ነው» የሚለው ወሬ በየጋራዡ እንደ ሃይማኖት ይሰበካል፣ ሶማሌ ተራ ስፔር ፓርት ሊገዛ የሄደ ሰው ሳይቀር ይሰማዋል። ሐሰት ነው። ቴርሞስታት በር ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ውስጥ ያዞረዋል፣ በብዙ ቶዮታዎች 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ራዲያተሩ ይከፍትለታል። ሞተር መሞቅ አለበት፤ የተሠራው በዚያ ሙቀት እንዲሠራ ነው። በሩ የሌለው ሞተር በጠዋቱ የአዲስ አበባ ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ነዳጅ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ሰው ሳያውቅ በየቀኑ ኪሱን ያራግፋል።

ከዚህ የባሰ አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ የቴርሞስታቱ ታችኛ ሳህን ሌላ ሥራ አለው፤ ላይኛው በር ወደ ራዲያተር ሲከፈት ታችኛው ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ስታወጡት ያ አቋራጭ ለዘላለም ክፍት ይቀራል። ከፊሉ የፈላ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ቀላል መንገድ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገት ላይ፣ ጭነት ላይ፣ ኤሲ ተከፍቶ ግን ሞተሩ ይግላል። እንዲቀዘቅዝ ብለው ያወጡት እቃ ሞተሩን አሞቀው ማለት ነው። በሩ አልዘጋ ብሎ ቢጠሩት በሩን ነቅሎ ይዞ የሚሄድ አናጺ ቢመጣባችሁ ዝም ትላላችሁ?

ቴርሞስታት መበላሸቱን ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ግሎ የላይኛው ቱቦ ሲያቃጥል የታችኛው ቱቦና ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆኑ አልተከፈተም። አውጥቶ በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ማሞቅ ይቻላል፤ 82 የተጻፈበት ከሆነ ውሃው ሳይፈላ መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ለማየት ግን አዲስ አበባ ላይ ድስት አይበቃም። ሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የእኛ ውሃ ደግሞ 92 ላይ ይፈላል።

ይህ 92 የሚባል ቁጥር በየጋራዡ ግድግዳ ላይ በትልቁ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ ከተማ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 92 ላይ ይንተከተካል። የቶዮታ ፋን ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ የማይፈላው በምንድን ነው? በራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ አናት ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። በዚያ ግፊት የታፈነ ውሃ አዲስ አበባም ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፣ ስፕሪንጉ ሲደክም፣ ግፊቱ ያመልጣል። ያኔ ውሃው 92 ላይ ይፈላል፣ ወደ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ይገነፍላል፣ ሞተሩ ውሃ ይጎድለዋል፣ ሴንሰሩ በውሃ ፈንታ እንፋሎት ውስጥ ይቀራል። ፋኑ ሳይነሳ ውሃ ሲገነፍል ያየ መካኒክ «ፋኑ ነው» ብሎ ሽቦ ይስባል። ጥፋተኛው ግን መኪናው ውስጥ ካሉት እቃዎች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ፣ በእጅ ተፈትቶ በእጅ የሚገጠም ክዳን ነው። ጎማውን በጣት ዳሶ ማየት ብቻውን ብዙ ይነግራል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ታዲያ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን ያጣል።

ወደ ፋኑ ልመለስ። ኤሲ ያለው መኪና ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን መክፈት ነው። ኤሲ ሲከፈት ፋኑም መነሳት አለበት። ከተነሳ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩና ወደ ሴንሰሩ ሶኬት ይሄዳል። ካልተነሳ ፊውዙን፣ ከዚያ ሪሌውን። የሪሌ ሳጥኑ ውስጥ ያው ዓይነት ሌላ ሪሌ ስለሚገኝ አቀያይሮ ማየት ምንም ገንዘብ አያስወጣም። እሱም ካልሆነ የፋኑን ሶኬት ነቅሎ በቴስተር መለካት፤ ኤሌክትሪክ ደርሶት ካልዞረ ችግሩ ከፋኑ ወይም ከኔጋቲቩ ነው። በመፍቻ እጀታ ቀስ ብለው ሲነኩት የሚነሳ ፋን ካርቦኑ አልቋል፤ ዛሬ ቢነሳም ነገ መንገድ ላይ ጥሏችሁ ይቆማል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠሩት ብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቀላል ነው፤ ራዲያተሩ ወይም ሞተሩ ላይ ያለውን የፋን ስዊች ሶኬት ነቅላችሁ ቁልፍ ስትከፍቱ ፋኑ መዞር አለበት። ዞረ? ስዊቹ ነው። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ መንቀል ሳይሆን ሁለቱን የሶኬት እግሮች ማገናኘት ነው የሚያስነሳው። ይህን ሳይለይ የሚነካካ ሰው ደህናውን ስዊች «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥላል።

ሴንሰሩም ቢሆን በግምት አይወገዝም። ቶዮታ ላይ 20 ዲግሪ ሲሆን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል፣ 80 ዲግሪ ሲደርስ ከግማሽ ኪሎ ኦም በታች ይወርዳል። ሙቅ ውሃ፣ ቴርሞሜትርና ቴስተር ይበቃዋል።

ፋኑ መዞሩ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ወዴት እንደሚዞር መታየት አለበት። ያገለገለ ፋን ተገዝቶ ሲገጠም ሶኬቱ አልገጥም ይልና ሁለቱ ሽቦዎች ተቆርጠው ይቀጠላሉ፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለባበጡ ፋኑ ወደ ኋላ ይዞራል። ድምፁ ያው ነው፣ ንፋሱም አለ፣ ግን ከሞተሩ በኩል የጋለውን አየር ወደ ፊት ይገፋል። መኪናው ሲሮጥ ደግሞ ከፊት ከሚመጣው ንፋስ ጋር ይታገላል። መፈተሻው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ፋኑ እየዞረ ወረቀቱን ከፊት በኩል፣ ከግሪሉ ውስጥ ወደ ራዲያተሩ አስጠጉት፤ ተስቦ ከተለጠፈ ልክ ነው፣ ወደ እናንተ ከተገፋ ተገልብጧል። በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ሽፋንም ጌጥ አይደለም። እሱ ከተሰበረና «አያስፈልግም» ተብሎ ከተጣለ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ በኩል መሳቡን ትቶ ከጎን ያለውን ያንኑ ግለት መልሶ ያዞራል።

ዶልፊንና አይሱዙ የሚነዱ ሾፌሮች «የኛ ፋን ኤሌክትሪክ የለውም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ በሞተሩ ጉልበት ይዞራል፣ በመሃሉ የሲሊኮን ዘይት ያለበት ክላች አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ገና ትኩስ እያለ ፋኑን በእጅ ሲያዞሩት መክበድ አለበት። በነጻ ከተሽከረከረ ዘይቱ ፈሷል። መድኃኒቱ ክላቹን መቀየር ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? እንበይደዋለን። የተበየደ ፋን ሁልጊዜ በሞተሩ ፍጥነት ይዞራል፣ ጉልበትና ናፍጣ ይበላል፣ የፓምፑን ኩሽኔታ ይጨርሳል፣ የተሰነጠቀ ክንፍ ካለው ደግሞ ተፈንጥሮ ራዲያተሩን ይበሳል። የተበየደው ፋን ዳይሬክት ለተደረገው ፋን የናፍጣ ወንድሙ ነው።

የእህቴ መኪና ታሪክ እንዲህ አለቀ። ያ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ፊውዝ አልነበረውም፣ ለፋን የሚበቃ ውፍረትም አልነበረውም። ፋን ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ቀጭን ሽቦ ላይ ያለ እረፍት ከጫናችሁት መጋሉ አይቀርም። መጋጠሚያው ቀለጠ። ፋኑ ሳሪስ መንገድ ላይ፣ መኪና ከመኪና ተጣብቆ በቆመበት ሰዓት ቆመ። ቀዩ መብራት ሲበራ ዳር ይዛ አጠፋች፤ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ይወጣል። ደግ አስበው የመጡ ሰዎች ባለ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ አፈሰሱበት። የአሉሚኒየም ቴስታታ ይህን አይችልም። ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፣ ቴስታታው ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ሄደ። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ለቴስታታ መጣመም የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ በስስ መለኪያ የሚፈተሽ። የእህቴ ከዚያ አልፎ ነበር።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋ ወሰድናት። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መጠየቅ ነው፦ ቆማ ነው የምትሞቀው ወይስ ስትሮጥ? ውሃ ትጎድላለች? ኤሲ ሲከፈት ፋኑ ይነሳ ነበር? ከዚያ የሪሌ ሳጥኑን ከፈተና የፋኑን ሪሌ ነቀለ። አንደኛው እግሩ ጠቁሯል፣ የሚገባበት ፕላስቲክም በዙሪያው ቀልጦ ተኮማትሯል። አሳየን። ያ ጥቁር እግር ነው ራዲያተር ያስቀየረው፣ ቴርሞስታት ያስወጣው፣ ቴስታታ ያወረደው። ኧረ እግሩም አይደለም፤ ያላየው ሰው ነው።

ንዴቴ ግን መካኒኩ ላይ ብቻ አይደለም። መኪና የምንነዳ ሰዎች ለግምት ሸልመን ለምርመራ እንነፍጋለን። እቃ ሲቀየር እቃውን ስላየን ዋጋውን እንከፍላለን። አንድ ሰው በቴስተር መስመር ሲከታተል ቆይቶ «ይቺ ሪሌ ናት» ሲል «ምን ሠራህና ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?» እንላለን። የእጅ ዋጋ የምንለው መፍቻ ሲዞር ብቻ ነው፤ ጭንቅላት ሲሠራ አንከፍልም። እንዲህ እየሆነ እቃ በመቀየር የማይኖር መካኒክ ከየት ይመጣል? ልጁ የጠየቀው ለጋራዡ ከከፈልነው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፣ ያም ሆኖ አጠገባችን የነበረ ደንበኛ «ሪሌ ለመቀየር ይህን ያህል?» ብሎ ሲከራከረው ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ያ ልጅ በዚህ ሙያ ተስፋ ቆርጦ ሽቦ መሳብ ቢጀምር ተጠያቂው ማን ነው?

ይህን ያህል የምጮኸው ሞተሮቻችን ምትክ ስለሌላቸው ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ ያለችው ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ያሪስ ለብዙ ዓመት የምትነዳ ናት። ብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ሀብት እሷ ናት፤ የራይድ ሾፌር ልጆቹን የሚያሳድገው በእሷ ነው። «ኤሌክትሪክ መኪና ስንገዛ ከዚህ ሁሉ እንገላገላለን» የሚል ካለም ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በኩላንት፣ በፓምፕና በፋን ነው። እዚያም ሽቦ ልንስብ ነው?

ኩላንቱንም ልንገራችሁ፤ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ብቻ እየሞሉ መንዳት ይቁም። ኩላንት ለበረዶ ብቻ አይደለም። ዝገት የሚከላከል ነገር አለበት፣ የሚፈላበትን ሙቀትም ከፍ ያደርጋል። ራዲያተሩ ውስጥ ቡናማ ጭቃ ካያችሁ ለዓመታት የተሞላበት ባዶ ውሃ ነው።

ከእንግዲህ ጋራዥ ስትገቡ መኪናዋ መቼ እንደምትሞቅ ተናገሩና መልሱን አድምጡ፤ ሳይጠይቃችሁ እቃ የሚያዝዝ ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። ለምርመራ ለብቻው ዋጋ ጠይቁ፣ ክፈሉትም። ቴርሞስታት ይወጣል ሲላችሁ እምቢ በሉ፤ ያረጀው ወጥቶ አዲስ ይግባ። የወጣውን እቃ ሁሉ በእጃችሁ ተረከቡ። ሥራው አለቀ ሲላችሁ ኤሲውን ዝጉና ሞተሩን እዚያው ግቢ ውስጥ አስነስታችሁ ቁሙ። ፋኑ ማንም ሳይነካው በራሱ ተነስቶ፣ ውሃው ሲበርድ በራሱ ቆሞ፣ ደግሞ ሲነሳ በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩለት።